ጎመኑ የተከሰሰበት ክፍለ ጊዜ፦ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የአንድ ሳይንስ ትምህርት ጉዳይ

ቦታው የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የአትክልት መደብ የሚጀምርበት፣ ከመደቡ ማዶ ደግሞ የፋብሪካ ጣሪያ የሚታይበት ሰፈር። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፤ እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምራል። ስሙን አልጠራም። የመምህሯንና የተማሪዎቹንም እንደዚያው። የወንዙን ስም ግን መደበቅ አይቻልም፤ አቃቂ ነው።

ጉዳዩን መጀመሪያ የሰማሁት ከመምህሯ ነው። ሥራዬ መምህራንን ማሠልጠን ነው። "ትምህርቱን ከተማሪው ሕይወት ጋር አያይዙት" የሚለው ምክር በየሥልጠናው ይደጋገማል። እሷ ምክሩን ቃል በቃል ፈጸመችው። ከዚያ ሰፈሩ ተናወጠ።

ወንዙና መደቡ

አቃቂ ሁለት ነው። ትንሹ በከተማዋ ምዕራብ፣ ትልቁ በምሥራቅ በኩል ይወርዳል። መነሻቸው ሰሜን፣ እንጦጦ በኩል ነው። የከተማውን ፍሳሽ እየሰበሰቡ ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። አባ ሳሙኤል በጣሊያን ጊዜ ለመብራት ኃይል የተገደበ ነው። አሁን አሁን ፊቱን እምቦጭ ሲሸፍነው ይታያል። እምቦጭ ደግሞ እንዲህ የሚፋፋው ፍሳሽ ያመጣው ንጥረ ነገር የበዛበት ውሃ ሲያገኝ ነው።

ወንዙን የሚያቆሽሸው አንድ ሰው አይደለም። ቆዳ ፋብሪካ አለ፣ ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ጋራዥ አለ፣ ቄራ አለ። የየቤታችን የሽንት ቤት ፍሳሽም አለ፤ እሱን ደግሞ ማንም በስሙ ሊጠራው አይፈልግም። ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም አግኝቷል። ሆኖም ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው ቤት ብዙ ነው።

በበጋ ከላይ የሚወርደው ንጹሕ ውሃ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ወንዙ ውስጥ የቀረው ባብዛኛው ፍሳሽ ነው። ገበሬው ሞተሩን አስነስቶ መደቡን የሚያጠጣውም በበጋ ነው። በክረምት ደግሞ ወንዙ ሞልቶ መደቡ ላይ ይወጣና ደለሉን ጥሎ ይመለሳል። እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉት ከባድ ብረቶች ደለል ላይ ይጣበቃሉ፤ አይበሰብሱም፣ አይተኑም። ዓመት በዓመት አፈሩ ላይ ይደራረባሉ።

ከዚህ ዳርቻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥርና ካሮት ይወጣል። አንዱ እስር ሰፈር ውስጥ ጉሊት ላይ ይሸጣል፤ ሌላው ተጭኖ ወደ መሀል ከተማ ይገባል። የየትኛው ወንዝ እንደሆነ እስሩ ላይ አይጻፍም። ተመራማሪዎች የአካባቢውን ውሃ፣ አፈርና አትክልት ለዓመታት ሲመረምሩ ቆይተዋል። ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ከሚመከረው ልክ አልፈው የተገኙባቸው ናሙናዎች አሉ። ቅጠላማ አትክልት፣ በተለይ ካድሚየምን፣ ወደሚበላው ክፍሉ ይስባል። ጥናቶቹ በእንግሊዝኛ ይታተማሉ። በስማቸው ብዙዎች ማስተርሳቸውንም ዶክትሬታቸውንም ይዘዋል። ጎመኑን የተከሉት ሰዎች ግን አንዱንም ገልጠው ያነበቡ አይመስለኝም።

"ቲቸር፣ የኛ ጎመን መርዝ ነው?"

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲገባ የትምህርቱ ቋንቋ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ጄኔራል ሳይንስ አለ፤ እሱም በእንግሊዝኛ ነው። መምህሯ የውሃ ብክለትን እንደ መጽሐፉ አስተማረች። ትርጉም፣ ዓይነት፣ መንስኤ፣ መከላከያ። ልጆቹ ጸጥ ብለው ገለበጡ። ከዚያ በአማርኛ "እስቲ ከሰፈራችሁ ምሳሌ አምጡ" አለቻቸው። ክፍሉ ተንጫጫ። ማታ ማታ ስለሚሸተው ሽታ፣ ወንዝ ገብቶ ስለሞተ ውሻ፣ አንድ ቀን ቀይ ሌላ ቀን ሰማያዊ ስለሚመጣው ውሃ ይናገሩ ጀመር።

መሀል ላይ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። እናቷ ወንዙ ዳር ጎመን ታለማለች፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ጉሊት ትሸጣለች። "ቲቸር፣ እንግዲያው የኛ ጎመን መርዝ ነው?"

መምህሯ መልስ አልሰጠችም። "እንሞክረዋ" አለች። ትክክል ነበረች፤ የሳይንስ መምህር ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ያላቸው ዕቃ ትንሽ ነው። የአሲድነት መጠን የሚያሳይ የፒኤች ወረቀት፣ ቴርሞሜትር፣ ባዶ ሃይላንድና ለማይክሮስኮፕ ሥራ የተቀመጠ ሜቲሊን ብሉ። ጓንት አድርጋ ውሃውን የቀዳችው እሷ ራሷ ናት። ከወንዙ አንድ ጠርሙስ፣ ከቧንቧ አንድ ጠርሙስ ሞሉ። በእያንዳንዱ ላይ ሰማያዊውን ቀለም ጠብ አደረጉና ከድነው ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሜቲሊን ብሉ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን እስካለ ሰማያዊ ነው። ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያብላሉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ያኔ ቀለሙ ይጠፋል። ሲከፍቱት የቧንቧው ሰማያዊ እንደሆነ ነበር። የወንዙ ነጥቷል። አንዱ ልጅ የነጣውን አንስቶ ሲነቀንቀው ሰማያዊው መለስ አለ። "ውሃው ተነፈሰ!" አለ። ስለ ኦክስጅን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከብዙ ተመራቂ አልሰማሁም።

ከጭቃው ደግሞ ቀያይ ትሎች ወጡ። ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት ጭቃ ውስጥ ከሚኖሩት ጥቂት ፍጥረቶች መካከል እነዚህ የትንኝ መሳይ ዝንብ እጮች ይገኙበታል። ቅላታቸው ከሄሞግሎቢን ነው፤ የእኛን ደም የሚያቀላው ማለት ነው። ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን አጥብቀው የሚይዙት በዚያ ነው። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ተንጋግተው አዩ።

በሳምንቱ የሳይንስ ክበቡ ዘገባ በጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ ተነበበ። ድምፅ ማጉያው ግቢውን አልፎ ይሰማል። "በወንዛችን የሚለማው ጎመን ለጤና አደገኛ መሆኑን በሙከራ አረጋግጠናል።"

የተሳተው ቦታ

በማግስቱ እናቶች ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ከፊት ያለችው የጠያቂዋ ልጅ እናት ናት። ጉሊት ላይ የዘወትር ደንበኞቿ ጎመኑን አገላብጠው "የወንዙ ነው?" እያሉ አልፈዋታል። "መምህር፣ ልጄን የላክሁት ፊደል ቆጥራ ሰው እንድትሆንልኝ ነው። እንጀራዬን በማይክራፎን እንድትቆርጠው አይደለም" አለች። አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ጨመሩበት። "ከላይ የሚለቀውን ፋብሪካ ስም ማን ጠራ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!"

ዳይሬክተሩ ሚኒ ሚዲያውን ዘጉ። ክበቡም ለጊዜው እንዲቆም ተባለ። አልፈርድባቸውም። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና እየደረሰ ነው፣ ፖርሽን አልተሸፈነም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ካመጡ ወዲህ የማንም ዳይሬክተር ጭንቀት ውጤት ሆኗል። ላይ ያለው አካል ስለ ወንዝ አይጠይቃቸውም።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ለእኔ የሚጥመው። ብዙ ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ "ሳይንሱ ትክክል ነበር፣ ለማኅበረሰቡ ስሜት ግን መጠንቀቅ ነበረባት" ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሳይንሱም ትክክል አልነበረም።

ልጆቹ የለኩት ኦክስጅን ነው። ያዩት ትል ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ውሃው ውስጥ የሚበሰብስ ቆሻሻ እንደሞላ ብቻ ነው። ስለ ክሮሚየም አንድ ቃል አይናገሩም። የፒኤች ወረቀትም እርሳስን አያይም። ጎመኑንማ ማንም አልነካውም። ከውሃ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ሰው ያለው መንገድ በሙሉ ተዘልሏል። የተዘለለው መንገድ ላይ ደግሞ አንዱም ኃይለኛ አልተጠየቀም፤ የተጠየቀችው መጨረሻ ላይ የቆመችው ባለ ጉሊት ናት። ልጆቹ ማስረጃቸው ከሚፈቅደው በላይ የተናገሩትም፣ ደካማውን የከሰሱትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

"መርዝ" የሚለውም ቢሆን መተንተን ነበረበት። የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚያመጣው ጀርምና የትላትል እንቁላል ነው። ጎመን ሲቀቀል ይሞታሉ። ሰላጣ ግን በጥሬው ይበላል፤ በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባ ሲገባ ጥሬ አትክልት ያስፈራው ለዚህ ነው። ከባድ ብረት ሌላ ነው። ብትቀቅለውም ብታጥበውም ቅጠሉ ውስጥ የገባው አይወጣም፤ ጉዳቱም የዓመታት እንጂ የማታ ቁርጠት አይደለም። ክሮሚየም ራሱ ሁለት መልክ አለው። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ሦስት ነው፤ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ክሮሚየም ስድስት ነው ካንሰር አምጪው። ቆዳው የተጨመረለትን ሁሉ አይመጥም፤ የተረፈው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል፣ ካልተጣራ ወንዝ ይገባል። ይህን ሁሉ "ጎመን አደገኛ ነው" ብሎ መጠቅለል ኬሚስትሪ አይደለም።

ጥያቄው ሲገለበጥ

መምህሯ እናቶቹን ይቅርታ ጠይቃ ብትተወው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሷ ግን ሽማግሌውን "አባባ፣ ውሃው መቼ መቼ ነው የሚበላሸው?" ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው አፋቸውን ሞልተው መለሱ። ማታ ከመሸ በኋላና በዓል ሰሞን ይብሳል አሉ። የተበላሸ እንቁላል ዓይነት ሽታ ሲመጣ ሞተር ያጠፋሉ፤ አረፋ ሲያዩ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን ሲቃጠል ከየትኛው ቀን ውሃ እንደሆነ ይገምታሉ።

ሽታው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ከሰልፋይድ ጋር የሚሠራ ቆዳ ፋብሪካም፣ ኦክስጅን ያለቀበት ፍሳሽም ያወጣዋል። ሽማግሌው የኬሚካሉን ስም አያውቁም፤ የሚለቀቅበትን ሰዓት ያውቃሉ። ያንን ሰዓት ደግሞ በሥራ ሰዓት መጥቶ ናሙና ወስዶ የሚሄድ ተመራማሪ በቀላሉ አያገኘውም።

ስለዚህ ልጆቹ ደብተር ከፈቱ። ሰዓት፣ ሽታ፣ ቀለም፣ አረፋ፣ ሞተር ጠፋ ወይስ አልጠፋም። መዝጋቢዎቹ ልጆቹ፣ ተናጋሪዎቹ ወላጆቹ ናቸው። ቅድም "እንጀራዬን ቆረጡት" ያለችው እናት የማታውን ፈረቃ ያዘች፤ ልጇ እየጠየቀች ትጽፋለች። የሜቲሊን ብሉውም ሙከራ ተደገመ። አሁን ግን ከመደቡ ራቅ ብሎ፣ ከአንድ የፍሳሽ ቱቦ በላይና በታች የተቀዳ ውሃ ነው። ከቱቦው በታች ያለው ቀድሞ ነጣ። ይህ ስለ ብረት አሁንም አይናገርም። "ቆሻሻው እዚህ ጋ ይጨምራል" ለማለት ግን ይበቃል፤ ልጆቹም ከዚያ አንድ ቃል እንዳያልፉ ተነገራቸው።

ሐያሲ የትምህርት አስተሳሰብ፣ ማለትም ተማሪው ኑሮውን እየመረመረ እንዲማር የሚለው፣ ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በምትባል የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከተማ 300 ገደማ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ማንበብ አስተምሮ ስሙ ገነነ። በዓመቱ ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ታሠረ፣ ተሰደደ። ማንበብ ማስተማር ማንን እንዲህ ያስፈራል? ሰዎቹ ከፊደሉ ጋር አብረው ኑሯቸውን ማንበብ ስለጀመሩ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ነገር ሥልጠና ላይ ሲደርስ "የአካባቢን ምሳሌ መጠቀም" ሆኖ ይቀራል። የአካባቢ ምሳሌማ የመጀመሪያው ሙከራ ላይም ነበር። የጎደለው አካባቢውን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። የሁለተኛው ዙር ልዩነት የአትክልተኛው ዕውቀት መረጃ ሆኖ ደብተር ላይ መስፈሩ ነው።

ሕጉና ደብዳቤው

የዜግነት ትምህርት መምህሩ ተቀላቀለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ "ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው" ይላል። ይህን ልጆቹ ለፈተና ሸምድደውታል። ያላወቁት የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ነበር። አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካዩን ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት መክሰስ እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን መልስ ካላገኘ ወይም መልሱ ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ወረቀት ላይ ግሩም ነው። መምህሩ ሌላውንም ገጽ አልደበቀም። አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ብክለት ላይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ከስሶ ክሱ ውድቅ ተደርጎበታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አንዱ "ታዲያ ለምን እንጽፋለን?" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መምህሩም "ያልተጻፈ ነገር አልተነገረንም ይባላል" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም።

ደብዳቤው የወጣው በአትክልተኞቹ ማኅበር ስም ነው፤ የደብተሩ ቅጂ ተያይዞ። ይህን የጠየቁት ወላጆቹ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከነገሩ እንዲወጣ የፈለጉት ዳይሬክተሩም ደስ አላቸው። ከቆይታ በኋላ ከአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች መጡ። መጀመሪያ ያደረጉት መደቡ ዳር ሰብስበው ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው። በወንዝ ውሃ ማልማት ለጤና ጎጂ ነው፣ አቁሙ። ሽማግሌው "እኛ እኮ ነን የከሰስነው" አሉ። ባለሙያው ፈገግ አለ፤ ወደ ቱቦው ግን በዚያን ቀን አልሄደም። መሥሪያ ቤት ያለ ሰው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። መደቡ ክፍት ነው፣ ባለቤቱ ባዶ እጁን ቆሟል። ፋብሪካው አጥር፣ ጥበቃና ጠበቃ አለው።

የተገኘው ጥቅም ትንሽና ተግባራዊ ነው። አንዳንዶቹ አትክልተኞች ውሃውን ቀጥታ ከማጠጣት መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ማሳደር ጀምረዋል። የትላትል እንቁላል ወደ ታች ይዘቅጣል። በሞተር የሚስቡትም ከሥሩ ሳይሆን ከላይኛው ውሃ ነው። ከመቁረጣቸው በፊት ጥቂት ቀን ውሃ ያቆማሉ። የዓለም የጤና ድርጅትም በፍሳሽ ለሚያለሙ የሚመክረው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቅጠሉ ውስጥ ለገባ ብረት ግን አይረዳም፤ ይህም በግልጽ ተነግሯቸዋል። ክፍል ውስጥስ? ልጆቹ ሚኒስትሪውን እንደማንኛውም ዓመት ወሰዱ። ዘዴው ውጤት ከፍ አደረገ ብል ውሸት ይሆናል። ዘገባ ሲጽፉ ግን "አረጋግጠናል" የምትለዋ ጠፍታለች፤ በምትኩ "ያልለካነው" የሚል ራሱን የቻለ ክፍል ገብቷል። ለአንድ የሳይንስ መምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀረው ክርክር ናሙናው ነው። ጎመኑ ውስጥ ያለውን ብረት መለካት የሚቻለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ ነው፤ ክፍያውም በየብረቱ ነው። ማኅበሩ ገንዘብ አዋጥቶ ለማስመርመር ፈቃደኛ ሆነ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ውጤቱ መጀመሪያ ለእኛ ይነገር፣ ከዚያ የምናደርገውን እኛ እንወስናለን። መምህሯ ተስማማች። ልጆቹ ግን ለሁለት ተከፈሉ። ያቺው የመጀመሪያዋ ጠያቂ "ጎመኑን ገዝቶ የሚበላውስ ሰው? እሱም እንደኛ ድሃ ነው" ብላ ተነሳች። ሌላው "ይነገር ካላችሁ መጀመሪያ እናትሽ የምትሸጠው ሌላ ነገር ይገኝላት" አላት። መምህሯ ክርክሩን አልቋጨችውም። ስብሰባው እናቶችም ባሉበት እንዲቀጥል ቀጠረች። ናሙናው ከየትኞቹ መደቦች እንደሚቆረጥ፣ ከቱቦውም ፍሳሽ አብሮ እንደሚመረመር ተስማምተዋል። ቱቦው ካልተመረመረ ጎመኑም አይመረመርም የሚለውን ያስያዘችው እናትየው ናት።